የሥነ ልቡና ተማሪ የመመረቂያ ምርምሩን እንዴት ይሥራ?

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ሥነ ልቡናን የሚያጠና ሰው በመጨረሻው ዓመት፥ ከመደበኛው ትምህርትና ከፈተናው በላይ፥ በተለምዶ «ሲኒየር ኤሴይ» የሚባለውን የመመረቂያ ምርምር አዘጋጅቶ በፈታኝ መምህራን ፊት ማስረዳት ይጠበቅበታል። ብዙዎች ሥራውን በገጽ ብዛት ስለሚመዝኑት፥ ኃይላቸውን ሁሉ በመጨረሻዎቹ ምዕራፎች፥ ይኸውም በሠንጠረዡና በጥራዙ ላይ ያፈሳሉ፤ እኔ ግን እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን እያነበብሁ እንደ ተረዳሁት፥ የአንድ ምርምር ዕድል የሚወሰነው የመጀመሪያው መጠይቅ ከመበተኑ አስቀድሞ፥ በጥያቄው ጥራትና በመለኪያው ትክክለኛነት ነው፤ በዚያ ላይ የተበላሸውን ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራምም ሆነ የአማካሪው ደግነት አያቃናውም። ስለዚህ በዚህ መመሪያ የፊተኞቹ ደረጃዎች ረዝመው የኋለኞቹ አጥረው ቢገኙ አንባቢ አይደነቅ።

አንደኛ፤ ርእስን ወደ ጥያቄ መለወጥ

ተማሪው አማካሪውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነጋግር ይዞ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ርእስ እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ «ማኅበራዊ ሚዲያ በወጣቶች ላይ ያለው ተጽዕኖ» ወይም «የአእምሮ ጤና በኢትዮጵያ» ይላል፤ ይህ ደግሞ ለአንድ ሊቅ የዕድሜ ልክ ድካም ቢሆን እንጂ ለአንድ ሴሚስተር የሚመጠን ሥራ አይደለም። ርእስ ጥያቄ የሚሆነው፥ ምን እንደሚለካ፥ በእነማን ዘንድ እንደሚለካና ከምን ጋር እንደሚነጻጸር ተለይቶ ሲነገር ነው።

ለአብነት ያህል፥ ብሔራዊውን ፈተና ያለፈ ልጅ በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ከተወለደበት መንደር ርቆ፥ አየሩንም ምግቡንም አንዳንድ ጊዜም ቋንቋውን ወደማያውቀው አገር ይሄዳል፤ በዶርም ውስጥም ከማያውቃቸው ልጆች ጋር አልጋ ላይ አልጋ ተደርቦ ያድራል። ይህን ኑሮ ራሱ የኖረ ተማሪ ከሌላው ዓለም ርእስ መበደር አያስፈልገውም፤ «በዚህ ግቢ በሚኖሩ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ዘንድ የቤተሰብ ናፍቆት ብርታት ከእንቅልፍ ጥራት ጋር ይዛመዳልን?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ጥያቄው ጠባብ፥ የሚለካና በእጁ ባለ ጊዜና ገንዘብ የሚፈጸም ነው። የጥያቄውን ብስለት ለመፈተን ሥነ ልቡናን ላልተማረ ጓደኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገረው፤ ጓደኛው መልሱ «አዎን» ቢሆን ምን እንደሚታይ፥ «አይደለም» ቢሆንም ምን እንደሚታይ ለይቶ መናገር ከቻለ ጥያቄው በስሏል፤ ካልቻለ ገና ነው።

እንዲህ ያለው ጥያቄ ትንሽ መስሎ የሚያሳፍረው ተማሪ ቢኖር፥ ጆሴፍ ሄንሪክና ሁለት ባልደረቦቹ በኤውሮጳ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በ2010 ያወጡትን ጽሑፍ ይመልከት፤ በታወቁ የሥነ ልቡና መጽሔቶች ከተጠኑት ሰዎች 96 ከመቶ የሚሆኑት፥ ከዓለም ሕዝብ 12 ከመቶውን ብቻ ከያዙት ከምዕራባውያን የኢንዱስትሪ አገሮች የተገኙ መሆናቸውን፥ ስለ ሰው ልጅ ሁሉ የተነገረው ብዙ ነገርም በእነዚሁ ላይ የቆመ መሆኑን ያሳያል። እንግዲህ ከጅማ ወይም ከደብረ ብርሃን ዶርም በጥንቃቄ የተለካ እንቅልፍ ለሳይንሱ የጎደለውን ከሚሞሉት አንዱ ነው።

ሁለተኛ፤ ንባብ

ንባቡ ጥያቄውን ለማጽናት እንጂ ሁለተኛውን ምዕራፍ ለመሙላት አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች በኤሌክትሮኒክ ማኅደር ይገኛሉ፤ የአፍሪካ መጽሔቶች «አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን» በሚባለው ድረ ገጽ ተሰብስበዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2002 ጀምሮ የሚያካሂደው «ሂናሪ» ደግሞ በገንዘብ የሚሸጡትን መጽሔቶች ለታዳጊ አገሮች ተቋማት ያደርሳል፥ የይለፍ ቃሉንም የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ መጠየቅ ነው። ከዚህ ሁሉ የቀረ ጽሑፍ ቢኖር ለደራሲው በትሕትና ኢሜይል መጻፍ ነው፤ ደራስያን ሥራቸው ሲፈለግ ደስ ይላቸዋልና ብዙዎቹ ይልካሉ። ተማሪው ካነበበው ከእያንዳንዱ ጽሑፍ እነማን እንደ ተጠኑ፥ በምን መለኪያ፥ ምን እንደ ተገኘ በራሱ ቃል በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ይመዝግብ። ከአርባ ጽሑፍ ማጠቃለያውን ብቻ ከመልቀም አሥራ አምስቱን እስከ ዘዴው ክፍል ድረስ ማንበብ ይሻላል።

ሦስተኛ፤ መለኪያውን መምረጥና ማቅናት

ናፍቆት በኪሎ፥ ሐዘን በሜትር ስለማይለካ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ዋና መሣሪያው ቃል ነው፤ ቃሉ ከተጣመመ ደግሞ ልኬቱ ሁሉ ተከትሎት ይጣመማል። ስለዚህ ተማሪው መለኪያን ከራሱ አንቅቶ እንዳይፈጥር አጥብቄ እመክራለሁ፤ አንድን መለኪያ አበጅቶ ማስመስከር ራሱን የቻለ የዓመታት ምርምር ነውና። ለናፍቆት በኔዘርላንድ አገር በዩትሬክት የተዘጋጀ፥ በ2002 የታተመ ባለ 20 ጥያቄ መለኪያ አለ። ለእንቅልፍ በ1989 ከፒትስበርግ የወጣ፥ ሰባት ክፍሎች ያሉት መጠይቅ አለ፤ ድምሩ ከ0 እስከ 21 ይደርሳል፥ ከ5 በላይ ያመጣ ሰውም እንቅልፉ የታወከ ነው ይባላል። ጥናቱ ስለ ድባቴ (ዲፕሬሽን) ከሆነ ፒኤችኪው-9 የተባለው ባለ ዘጠኝ ጥያቄ ቅጽ በአማርኛ ተዘጋጅቶ በአዲስ አበባ በሆስፒታል ታካሚዎች ዘንድ ተፈትኗል። ከመለኪያዎቹ አንዳንዶቹ በነጻ የሚሰጡ፥ አንዳንዶቹ የባለቤቱን ፈቃድ የሚሹ፥ እንደ ቤክ የድባቴ መለኪያ ያሉትም በገንዘብ የሚሸጡ ስለሆኑ፥ የፈቃዱ ደብዳቤ ቀደም ብሎ ተጽፎ መልሱ ከፕሮፖዛሉ ጋር ይያያዝ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የትርጉም ሥራ ነው፤ በብዙ ጽሑፎች ውስጥ «መጠይቁ ወደ አማርኛ ተተርጉሟል» በሚል በአንድ መስመር የሚታለፈው ይህ ክፍል በእኔ አስተያየት የምርምሩ ልብ ነው። ሪቻርድ ብሪስሊን በ1970 ያስተዋወቀውና እስከ ዛሬ የሚሠራበት ሥርዓት እንዲህ ነው፤ ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያውቅ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ የእንግሊዝኛውን ቅጽ ፈጽሞ ያላየ ሌላ ሰው አማርኛውን እንደገና ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፤ ከዚያም ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው የተለያዩበት ቦታ ይመረመራል። ይሁን እንጂ ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ቃሉ በትክክል ተመልሶ ትርጉሙ ግን በተማሪዎቹ አፍ ሌላ ሊሆን ይችላል።

አንድ ምሳሌ እንይ። በግቢ ውስጥ አንድ ወጣት «ደበረኝ» ቢል ብዙ ጊዜ ሊል የፈለገው ሰለቸኝ፥ የምሠራው አጣሁ ነው፤ እንግዲህ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ድብርት ተሰምቶኛል» የሚል ዓረፍተ ነገር ያቀረበ ተመራማሪ በእውነት የታመመውንና ኔትወርክ ተቋርጦበት የተሰላቸውን በአንድ ላይ ይቈጥራል። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት «ድባቴ» ደግሞ ገና በሁሉ ዘንድ አልተለመደም። በዚህ ጊዜ ሕመሙን በስሙ ከመጥራት ምልክቱን በግልጽ መናገር ይበጃል፤ «ቀድሞ ደስ ይለኝ የነበረው ነገር አሁን ደስ አይለኝም» ቢባል ከጎንደር የመጣውም ከሐዋሳ የመጣውም እኩል ይረዳዋል።

ሁለተኛው ችግር የቋንቋችን ጠባይ ነው። አማርኛ ሰውን በቀጥታ ሲጠይቅ ጾታውንና ክብሩን ሳይለይ ማለፍ አይችልም፤ «ትተኛለህ» ያለ ቅጽ ሴቶቹን ይረሳል፥ «ትተኛለህ/ትተኛለሽ» እያለ የሚሄድ ቅጽም ሃያ ጥያቄ ሳይሞላ ዐይንን ያደክማል። ስለሆነም የመጠይቁ አሠራር ሲፈቅድ እያንዳንዱን ጥያቄ በመጀመሪያ መደብ፥ «ሌሊት ብዙ ጊዜ እነቃለሁ» በሚል መልክ ማስቀመጥ ነው፤ ወንድም ሴትም፥ ታናሽም ታላቅም የራሱ ቃል አድርጎ ያነበዋል። ሦስተኛውም አሉታ ነው፤ «ሰው የሚንቀኝ አይመስለኝም» የሚል ጥያቄ ቀርቦለት «አልስማማም» የሚለውን የሚመርጥ ሰው ይናቃል ወይስ አይናቅም? መላሹ ራሱ ቆም ብሎ ማሰብ ግድ ይሆንበታል፥ ብዙውም አያስብም። ለራስ የሚሰጥን ግምት እንደሚለካው እንደ ሮዘንበርግ የ1965 መለኪያ ያሉት፥ ከአሥሩ ጥያቄ አምስቱ በተገላቢጦሽ የሚቈጠሩ ናቸውና በትርጉም ጊዜ እነዚህ ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ።

የተዘጋጀው ቅጽ ለስድስት ወይም ለሰባት ተማሪዎች ይሰጥና እያንዳንዱ ጮክ ብሎ እያነበበ ምን እንደ ገባው በራሱ አነጋገር ይንገር፤ ሁለት ሰው የተደናቀፈበት ዓረፍተ ነገር ይለወጥ። በዚህ ጊዜ አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማልኛ አፉን የፈታበት ተማሪ ከመካከላቸው መኖሩ መልካም ነው፤ አማርኛውን ለመረዳት የሚቸገሩ ተማሪዎች ካሉ ወይ በቋንቋቸው ቅጽ ይዘጋጅላቸው፥ ወይም ጥናቱ እነርሱን እንደማይመለከት በግልጽ ይጻፍ። ቀጥሎ በዋናው ጥናት የማይካተቱ ሠላሳ ያህል ሰዎች ሞልተውት፥ ሊ ክሮንባክ በ1951 ያወጣው «አልፋ» ይሰላ፤ 0.70 እና ከዚያ በላይ ሲሆን መለኪያው እርስ በርሱ ይስማማል ማለት ልማድ ሆኗል። ቍጥሩ ከተጠበቀው በታች ቢወርድ ተማሪው ከመደንገጡ በፊት የተገላቢጦሽ ጥያቄዎቹን መገልበጡን ይመልከት፤ ብዙ ጊዜ ምሥጢሩ ከዚያ ነው።

አራተኛ፤ ናሙና

በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፎች ዘንድ አንድ ቀመር እንደ ጸሎት ይደገማል፤ ያማኔ የተባለው ሊቅ የጻፈው፥ የሕዝቡን ብዛት፥ ይኸው ብዛት በስሕተቱ ካሬ ተባዝቶ አንድ ሲደመርበት ለሚገኘው ቍጥር የሚያካፍለው ቀመር ነው። 1200 ተማሪ ባለበትና ስሕተቱ 0.05 በሆነበት ቦታ 300 ሰው ያዝዛል። ቀመሩ አልተሳሳተም፥ ቦታው ነው የተሳሳተው፤ የተሠራው ከሕዝቡ ስንት ከመቶው እንዲህ ነው የሚለውን ለመገመት እንጂ ሁለት ነገሮች መዛመዳቸውን ለመፈተን አይደለምና። ለዝምድና ጥናት ጃኮብ ኮኸን በ1992 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ያስቀመጠው ሠንጠረዥ የተሻለ መሪ ነው፤ በተለመደው የ0.05 ደረጃና በ80 ከመቶ ኃይል፥ መካከለኛ ዝምድናን ለማግኘት 85 ሰው፥ ብርቱውን ለማግኘት 28፥ ደካማውን ለማግኘት ግን 783 ሰው ያሻል። ይህንኑ ስሌት «ጂ ፓወር» የተባለው ነጻ ፕሮግራም ያወጣል። ሳይሞሉ የሚመለሱና የሚጠፉ ቅጾች ስለማይቀሩ 85 ለሚያስፈልገው 110 ማሰራጨት ተገቢ ነው።

የሚመረጡት ሰዎች ከሬጅስትራር በተገኘ ዝርዝር ላይ በዕጣ ይውጡ እንጂ በካፌው በር የተገኘ ሁሉ አይሰብሰብ። ዝርዝሩ ካልተፈቀደ በምቾት የተሰበሰበ ናሙና መሆኑን መጻፍ እንጂ «በዕጣ ተመርጠዋል» ብሎ ማስመሰል ነውር ነው።

አምስተኛ፤ ፈቃድና ኅሊና

ከትምህርት ክፍሉ የሚወጣው ማኅተም ያለበት የድጋፍ ደብዳቤ በር ያስከፍታል፤ የሰውን ፈቃድ ግን አይተካም። ስታንሊ ሚልግራም በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዬል ዩኒቨርሲቲ፥ ሰዎች ባልንጀራቸውን በኤሌክትሪክ የሚቀጡ መስሏቸው እንዲጨነቁ ካደረገ ወዲህ፥ ዕውቀት የሚገኘው በሰው ስቃይ ከሆነ ዋጋው ስንት ነው የሚለው ክርክር ከዚህ ሙያ አልተለየም። እንግዲህ በቅጹ ፊት ገጽ ላይ፥ ጥናቱ ስለ ምን እንደ ሆነ፥ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፥ ስም እንደማይጻፍ፥ በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ እንደሚቻል በአጭር አማርኛ ይገለጽ። ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎች መካከል 18 ዓመት ያልሞላቸው ስለሚገኙ፥ የወላጅ ፈቃድ ማምጣት ካልተቻለ ዕድሜያቸው የሞላው ብቻ ይካተቱ። መምህሩ በክፍሉ ቆሞ እያየ የሚሞላ ቅጽም በፈቃድ የተሞላ አይባልም፤ መምህሩን በትሕትና ማስወጣት ነው።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው የፒኤችኪው ዘጠነኛ ጥያቄ ነው፤ ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ይጠይቃልና። ስም በሌለበት ቅጽ ላይ አንድ ሰው «በየቀኑ ማለት ይቻላል» ብሎ ቢመልስ ተመራማሪው ያን ሰው ከየት ያገኘዋል? ይህን አስቀድሞ ያላሰበ ተማሪ ጥያቄውን ማቅረብ የለበትም፤ ዘጠነኛው የተቀነሰበትና ፒኤችኪው-8 የሚባለው ቅጽ ስላለ በእርሱ ይጠቀም። ጥያቄውን የግድ የሚያቀርብ ከሆነ ግን፥ ከግቢው ክሊኒክና ከምክር አገልግሎቱ ጋር ቀድሞ ተነጋግሮ፥ የት ሄደው ማንን እንደሚያነጋግሩ የሚገልጽ ወረቀት ለአንዱ ብቻ ሳይሆን ቅጹን ለሚሞሉት ሁሉ ይስጥ።

ስድስተኛ፤ መሰብሰብ፥ መመዝገብ፥ ማስላት

ቅጹ በፈተና ሳምንት አይበተን፤ የዚያ ሳምንት እንቅልፍ የማንም እንቅልፍ አይደለም። በተመለሰው እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ቍጥር ይጻፍበት፥ ኮምፒዩተር ላይም በዚያው ቍጥር ይመዝገብ፤ አጠራጣሪ ነገር ሲታይ ወደ ወረቀቱ ለመመለስ ይረዳል። ያልተመለሰ ጥያቄ 99 ተብሎ ሲገባ ይህ ቍጥር «ባዶ» ማለት መሆኑን ለፕሮግራሙ መንገር የዘነጋ ተማሪ፥ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች አማካይ ዕድሜ 27 ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ ከማንኛውም ስሌት በፊት የእያንዳንዱን ጥያቄ ትንሹንና ትልቁን ቍጥር ማየት ይገባል። ኤስፒኤስኤስን በሕጋዊ መንገድ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውን «ጃስፕ» በነጻ ያገኛል፤ ለዚህ ሥራ ምንም አይጎድለውም።

ስሌቱ ራሱ ቀላል ነው፤ ነጥቦቹን በሥዕል አይቶ የፒርሰንን ዝምድና ማውጣት ነው። ከባዱ የተገኘውን እንደ ተገኘ መቀበል ነው። በ2015 ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው 100 የታተሙ የሥነ ልቡና ጥናቶችን እንደገና ሲሠሩ፥ በስታቲስቲክስ መስፈርት የጸናው ውጤት 36 ከመቶው ብቻ ነበር፤ ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የሚፈለገው ውጤት እስኪወጣ ድረስ ስሌቱን መቀያየር ነው። ናፍቆትና እንቅልፍ ሳይዛመዱ ቢቀሩ ያው ውጤት ነው፥ ይጻፍ። ቢዛመዱም ናፍቆት እንቅልፍን ነሣ ማለት አይደለም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሌሊቱን ቤተሰቡን ሲያስብ ያድር ይሆናል፥ ወይም የዶርሙ ጫጫታ ሁለቱንም አምጥቶ ይሆናል።

ሰባተኛ፤ መጻፍና ማስረዳት

አጻጻፉ በምዕራፎቹ ተራ አይሁን። ነገሩ ከአእምሮ ሳይጠፋ የዘዴው ክፍል ይቅደም፥ ውጤቱ ይከተል፥ መግቢያው ከዚያ በኋላ ይምጣ፥ አጭሩ ማጠቃለያ ከሁሉ ኋላ ይጻፍ። ምክር የሚሰጥበት አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ የብዙ ተማሪ ብዕር ድንገት የሚኒስትር ብዕር ይሆናል፤ በአንድ ግቢ 110 ልጆችን የጠየቀ ሰው መንግሥት ፖሊሲውን እንዲለውጥ ያዝዛል። የሚሰጠው ምክር ጥናቱ ከደረሰበት አይለፍ፤ «የግቢው ምክር አገልግሎት የመጀመሪያውን ሴሚስተር አዳዲስ ተማሪዎች በተለይ ቢከታተል» ማለት በቂ ነው።

የቅኔ ተማሪ የቈጠረውን ጎዶሎውንም ቢሆን ለየኔታ ነግሮ ሲታረም ነው የሚበስለው፤ የምርምር ተማሪም ያልጨረሰውን ረቂቅ በየሁለት ሳምንቱ ለአማካሪው ይዞ ይቅረብ እንጂ ሁሉን አሳምሮ በመጨረሻ ለማቅረብ አይደበቅ። አማካሪው ሥራ የበዛበት ሰው ስለሆነ «እንዴት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ቀጥል» ማለቱ አይቀርም፤ «ሦስተኛውና ሰባተኛው ጥያቄ በአማርኛው አንድ ሆኑብኝ፥ የትኛውን ልለውጥ?» ቢባል ግን መልስ ይሰጣል።

በየግቢው አካባቢ በግድግዳና በፖል ላይ «ሪሰርች እናማክራለን» የሚሉ ማስታወቂያዎች ተለጥፈው ይታያሉ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ የሚሸጡት ምክር ሳይሆን ያለቀ ጽሑፍ ነው። የገዛ ሰው በዲፌንስ ዕለት ይታወቃል። ፈታኞች አስቀድመው የሚጠይቁት ጥራዙ ውስጥ ያለውን ሳይሆን ከጀርባው ያለውን ነው፤ ይህን መለኪያ ለምን መረጥህ፥ ሰዎቹን እንዴት አገኘሃቸው፥ ስንት ቅጽ ሳይመለስ ቀረ ይላሉ፤ ሥራውን በእጁ የሠራ ሰው ለእነዚህ ሁሉ ሳያጠና ይመልሳል። በስላይዱ ላይ የሚነበብ ጽሑፍ አይብዛ፥ ዋናው ሠንጠረዥ አንድ ይሁን፤ መልሱን ለማያውቀው ጥያቄም «ይህን አልመረመርሁም» ማለት አያስነቅፍም።

ጥናቱ ከጸደቀ በኋላ አንድ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍቱ፥ የአንድ ገጽ አጭር መግለጫም ለፈቀደው ጽሕፈት ቤትና ለምክር አገልግሎቱ ይሰጥ፤ የአማርኛው መጠይቅ ሙሉ በሙሉ በአባሪ ይግባ፥ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ከጽሑፉ ሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው እርሱ ሊሆን ይችላልና። ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፥ ይህን የምታነቡት በጥቅምት ከሆነ ጊዜው ይበቃችኋል፤ በየካቲት ከሆነ ግን ዛሬ ማታ ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ነገ ጠዋት ወደ አማካሪያችሁ ሂዱ።